የክሎቪስ ጀልባ ለምን ረጠበ

ለምወድሽ እኅቴ ኤውላሊ፣

እንደምን ከርመሻል? የአላስካ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ባለቤትሽ ኦቪድስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ከተሰበረው በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በማታ ትምህርቱ እንደኔ ፈጥኖ ያነበበ የለም፤ መምህሯ ባትናገርም ከዓይኗ አይቻለሁ።

ልጄ ሬኔል ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የአመክንዮ ጥያቄ ስትለማመድ ከረመች። የመጽሐፉን ሰዎች ስለማናውቃቸው፣ ሸርጣን ስንቀቅል በጎረቤት ስም እየለወጠች ትጠይቀናለች። በዚህ ሰሞን ደግሞ የሸርጣን ወጥመድ እየተሰረቀ ሰው ሁሉ በጎሪጥ ይተያያል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ «ክሎቪስ ወጥመድ ከሰረቀ ጀልባው ይረጥባል። ጀልባው ረጥቧል። እንግዲህ ሰርቋል ማለት ይቻላል?» አለች።

እኔ ማንን ፈርቼ፤ ሰፈሩ እስኪሰማ «ሰርቋል እንጂ!» አልኩ።

ለካ ጎረቤታችን ክሎቪስ ቢራውን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። «ትናንት ፊደል ቆጥረህ ዛሬ ዳኛ ሆንክብኝ?» ብሎ አፍንጫዬን በቡጢ አለኝ። ደሜ ሸርጣኑ ላይ ተንጠባጠበ። ጠረጴዛውን ገለበጥኩበት፤ ከሸርጣኑ ጋር የተቀቀለው ትኩስ ድንች እግሩን ላጠው። ጥርሱንም አወለቅኩ። ሁለት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ሬኔል አንድ ነው ትላለች። እሱ መቅዘፊያ አንሥቶ የመኪናዬን መስታወት አደቀቀና ወደ ራሴ ሰነዘረ። ልጄ «ጋሼ ክሎቪስ፣ መልሱ አይቻልም ነው፤ ጀልባ መቼ ደርቆ ያውቃል?» እያለች መሀላችን ገባች። መቅዘፊያው ቀኝ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔም ቢላዋ አነሣሁ። አልዋሽሽም፣ ልገድለው ነበር። ሬኔል ጭቃው ላይ እንደወደቀች፣ በቀስታ፣ «አባዬ፣ እሱን ከገደልከው ቅዳሜ አልፈተንም። እኔ ግን ቅዳሜ እፈተናለሁ። እንግዲህ?» አለችኝ።

ቆሜ አሰብኩ። እንደዚያ ቀን አስቤ አላውቅም። «እንግዲህ አልገድለውም» አልኩ።

«ይኼን አገኘኸው» አለችኝ። ቢላዋውን ከጓሯችን ያለው ኩሬ ውስጥ ወረወርኩት።

ዛሬ ክንዷን ታስራ በግራ እጇ ትፈተናለች። መኪናዬ መስታወት ስለሌለው ያመጣን ክሎቪስ ነው። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ በሩን በሩን ያያል። ስለ እኔ ምን ጻፍክ አለኝ። ማንበብ ስለማይችል ጥርስ ያወለቀው እሱ፣ የወለቀበት እኔ አድርጌ አነበብኩለት። ሁለት በለው አለኝ።

ኦቪድን፣ ማርሴልን፣ ትንሿን ዜሊንም ሳሚልኝ። ክሎቪስም በጎደለ ጥርሱ ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ አልሲድ

ላፋዬት፣ ሉዊዚያና፣ ከፈተናው በር ላይ
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2013