ስሜን አንድ ተራራ ላይ ትቼው መጣሁ

ሰኔ 28፣ ዩለስ

እዚህ ፈረንጅ አገር የምሠራበት ኤርፖርት ውስጥ ካለው ሠራተኛ ሁሉ ፈጣን አንባቢ እኔ ነኝ። እሺ... ከሻንጣ ጫኞቹ። እሺ፣ አብሮኝ ሻንጣ ከሚጭነው ከእንየው። እሱም ዛሬ መነጽሩን ረስቶ ነበር።

ማታ ቸርች አዳራሽ ፊደል የሚያስተምሩን እትዬ አየለች ስለ አንዲት የአልፕስ መንደር አወሩን። አንዲት ደራሲ ታማ ሄዳ፣ እዚያው መጽሐፍ ስትጽፍ የኖረችበት ቤት አለ። የገባ እንግዳ ሁሉ ስሙን መዝገብ ላይ ይጽፋል። ለኛ ለሠራተኞቹ ባዶ ወንበር ከተረፈ በረራው ነፃ ነው፣ እሄዳለሁ አልኩ። ክላሱ ሳቀ። እትዬ አየለች አልሳቁም።

"በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ፎቶ አንሥተህ ና" አሉኝ።

እስከ ዛሬ ፎርም የምትሞላልኝ ልጄ ጊፍቲ ናት። እዚያ ጊፍቲ የለችም... እጄ እምቢ ቢለኝስ?

ሐምሌ 6

ሁለት በረራ ሞልቶ አለፈኝ። በሦስተኛው አንዲት ወንበር ተረፈች፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሻንጣ ጭኜ፣ ዛሬ ራሴን ጫንኩ።

ሐምሌ 8፣ መንደሯ

ደርሻለሁ? ወይስ ተኝቻለሁ? ደመናው ከመንገዱ በታች ነው። የላም ቃጭል ይሰማል፣ ላሟ አትታይም። ቤቱ ትንሽ፣ የእንጨት። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር... መስኮቱ ሙሉ ተራራ። እዚህ ተቀምጦ የማይጽፍ ማን አለ? ማለቴ፣ ፊደል ካልቆጠረው ከአምናው እኔ በቀር።

ቤቱን የምትጠብቀው አሮጊት እስክሪብቶ ሰጠችኝ። "ጸሐፊ ነህ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት፣ ሳላፍር።

መዝገቡ ላይ ስሜን ጻፍኩ፦ ባስልዮስ ተሰማ። ቀጥዬ ቀኑን፣ እንደተማርኩት። ሐምሌ 8፣ 2017። ፊደሉን አላወቀችውም፣ ቁጥሩን ግን አየች። ይሄ እኮ ካለፈ ስምንት ዓመቱ ነው አለች። በኛ ገና ነው፣ አንቸኩልም አልኳት። ሳቀች። እንዳለ ተወችው።

ሐምሌ 11፣ ዩለስ

እትዬ አየለች ስልኬ ላይ ያለውን የመዝገቡን ፎቶ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ፊደል በፊደል አነበቡ። "መስመሩ ትንሽ ዘሟል" አሉ። ከዚያ መሐረባቸውን ፈለጉ።

ቤት ስገባ ጊፍቲ የክሊኒኬን ፎርም ዘርግታለች፣ እንደ ወትሮው ልትሞላልኝ። አየችኝ፣ አየችኝና እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋችው።

"አባዬ፣ ራስህ።"

ስምና አድራሻ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

ሶ፣ ይሄን የሚያነብ የለም፣ ልናዘዝ። አሮጊቷ ጸሐፊ ነህ ብላ አልጠየቀችኝም። ማንም አልጠየቀኝም። መልሱን ግን ከዩለስ ጀምሬ ስለማመድ ነበር የሄድኩት።