ፀሐይ አይከሰስም

ግንቦት 3፤ ጠዋት 2 ሰዓት

መብራት የለም። ፍሪጁ ሲያቃስት አድሮ አሁን ዝም ብሏል። የአዳማ ሙቀት ሳይቀድመኝ የአዳሚ ቱሉን የደም ናሙና ልጨርስ። እዚያ ባለው የአምራቾች ማኅበር ዘጠኝ ላሞች ጽንስ ጨንግፎባቸዋል። ኃላፊዬ ጓድ ተሾመ በር ላይ ብቅ አለ። ደህና አደርክ የለ፣ ምን የለ፤ ቫይረሱ ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የጠፋ በግ መስሎታል። ትናንት የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ዛሬ የላቦራቶሪ ኃላፊ!

ግንቦት 5

ተገኘ! ኸርፐስ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩበት ዘር። ደብተሬ፣ ላንተ ልፎክር፤ እዚህ መ/ቤት ፉከራዬ የሚገባው ሌላ የለም። አንዴ ከገባ አይወጣም። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ ሰውነት ሲደክም ይነሳል። የሰውኛው ዘመዱ ከንፈር ላይ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ምች ይለዋል። ፀሐይ መታኝ፣ የወጥ ሽታ መታኝ! የጽዳት ሠራተኛችን ወ/ሮ በላይነሽማ መስኮቴ ላይ በጣሳ ዳማከሴ ተክላለች፣ የምች መድኃኒት። በዚህ መ/ቤት ሥራውን የሚያውቅ የሚመስለው እሱ ቅጠል ብቻ ነው።

ላሞቹን ማን እንደበከለም አውቃለሁ። ኮርማው። ከወዳጅ አገር በስጦታ የመጣው፣ ሪባን ታስሮለት ማኅበሩ በጭብጨባ የተረከበው። የወረዳው ካድሬ አብሮት ፎቶ ተነስቷል። ፎቶው ላይ አስተዋይ የሚመስለው ኮርማው ነው።

ግንቦት 8

አዳሚ ቱሉ ወረድኩ። ካድሬው ቀድሞኛል። አሻጥር ነው ብሎ የላሞቹን ጠባቂ ኦቦ ገላቶን አሳስሯል፤ ሣሩ ላይ መርዝ ረጭተዋል አሉ። ማስረጃ? ካድሬው ራሱ።

ሚስታቸው አዴ ሹሜ የጂፑን በር ይዘው አለቅም አሉ። «ዶክተር፣ በዋቃ ይዤሃለሁ! ገላቶ ላም ስታምጥ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ነው። እሱ ነው መርዝ የሚረጨው?»

ሰው እንደማልወድ ታውቃለህ። አንጀቴን በሉኝ።

ግንቦት 10

ጓድ ተሾመ ሪፖርቴን አነበበ። አላበው። «ተደብቆ ይኖራል» የምትለዋን በቀይ አሰመረባት፤ ማንን ለማለት ነው? ቫይረሱን፣ አልኩት። አላመነኝም። የወዳጅ አገር ኮርማ በሽተኛ ነው ብለህ ልታስፈጀን ነው ወይ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እስከ ማክሰኞ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ኦቦ ገላቶ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ። የተላከ ሲመለስ አላየንም።

ምች ነው ብለህ ጻፍ አለኝ። ፀሐይ አይከሰስም።

እኔ? ምች? ሪፖርቱን ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ።

ግንቦት 12፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። ከንፈሬ አብጧል፤ ውኃ የቋጠረ ነገር። የማን ሥራ እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወ/ሮ በላይነሽ ዳማከሴ አሽታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። ተናደድኩ። ስለ ቫይረስ፣ ስለ ነርቭ፣ ግማሽ ሰዓት አስተማርኳት። ጨርሳ ሰማችኝና፣ ታዲያ ምች ማለት እሱ አይደል ወይ አለች።

ምች የመታው ሰው ምን ይደረጋል አልኳት፣ ለመሳቅ ብዬ። ፀሐይ አይነካውም፤ ለብቻው ተለይቶ ጥላ ሥር ይተኛል አለች።

ለብቻው ተለይቶ! አልሳቅኩም።

ግንቦት 13፤ ማክሰኞ

እንደ አዲስ ጻፍኩት፦ ላሞቹን ምች መትቷቸዋል። የሰው እጅ የለበትም። ክቡር ኮርማው ለአገራችን ፀሐይ እንግዳ ስለሆነ፣ ለጤንነቱ ሲባል፣ ለብቻው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ዕድሜውን ሙሉ ላም አይጠጋው።

ፊርማ። ማኅተም። አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ፣ በገዛ እጄ፣ ምች። ጓድ ተሾመ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ አሁን ገና ሳይንስ ገባህ አለኝ። ዳማከሴውን ከንፈሬ ላይ ይዤ ወጣሁ።

ኦቦ ገላቶ ይፈቱ ተብሏል፤ ነገ ጠዋት ከጣቢያ አውጥቼ ለአዴ ሹሜ አደርሳቸዋለሁ። ደብተሬ፣ እውነተኛውን ሪፖርት አጥፌ አንተ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ተኝቶ ይክረም።