ሕመማቸው በስሙ እንዲነበብ የተናዘዙት የአቶ ክንዱ መርስዔ ኀዘን የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንዱ ከአባታቸው ከመሪጌታ መርስዔ ኀዘን አዘዘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ መጋቢት 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በይፋግ ተወለዱ። አባታቸው የድጓ መምህር ስለነበሩ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ዜማ ለመዱ። ኋላ በሬዲዮ ሰው ሁሉ የወደደላቸው ረጅም ትንፋሽ ከዚያ የመጣ ነው።

አንደኛ ደረጃን በይፋግ፣ ሁለተኛ ደረጃን በባሕር ዳር ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው ዱርቤቴ ላይ አስተማሩ። በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ እሌኒ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወንጌላዊትን ወለዱ። በ1992 ዓ.ም. በባሕር ዳር የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኑ። ኳስ ሲያስተላልፉ ገበያ ላይ ሚዛኑን አንጠልጥሎ ደርቆ የሚቀር ነጋዴ ነበር። በመንገድ ፊታቸውን የማያውቅ ሰው ገና ሰላምታቸውን ሲሰማ «ጋሽ ክንዱ!» ይላቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሲስተር ኪዲ የምትባል ነርስ «ጥላ» የተባለ የቆዳ ካንሰር ማኅበር መሠረተች። መጀመሪያ ቆዳቸው ቀለም ስለሌለው ፀሐይ የምታቃጥላቸውን ወገኖች ለመርዳት ነበር፤ ቀጥሎ ለሁሉም ሆነ። «ጋሽ ክንዱ፣ እኔን ማን ይሰማኛል? ስመ ጥር ሰው ያምጡልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ኳስ ተጫዋቹን ግሩምን፣ ድምፃዊቷን ሰገነትንና ሌሎችንም ለምነው አመጡ።

ጥር 2015 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር በሚገኝ አዳራሽ ዝነኞቹ በሕዝብ ፊት ጫማቸውን አወለቁ። የዚህ በሽታ አንዱ ዓይነት በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያየው በውስጥ እግር ይወጣልና፣ ሰው እግሩን እንዲያይ ለማስተማር ነው። ግሩም «እኔ ካወለቅሁማ አዳራሹ ባዶ ይቀራል» ቢል፣ ሰገነት ውስጥ እግሩን አይታ «አንተ ኳስ ነው ወይስ ድንጋይ ስትመታ የኖርኸው?» አለችው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ግሩም ወደ አቶ ክንዱ ዞሮ «እርስዎስ?» ሲላቸው «የእኔ ሥራ በአፍ ነው» ብለው አለፉት። ሕዝቡ አሁንም ሳቀ።

በዚያ ሰዓት በግራ ውስጥ እግራቸው የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነገር ነበር። ከዓመታት በፊት ለጥምቀት በባዶ እግራቸው ታቦት ሲያጅቡ እሾህ ወግቷቸው ስለነበር «ስባሪው ነው» ይሉ ነበር። በወረንጦ ፈልቅቀውታል፤ በምላጭም ልጠውታል። ወይዘሮ እሌኒ ካልሲያቸው ላይ ደም ባዩ ጊዜ «ይወጣል፣ አትጨነቂ» አሏቸው። ነገር ግን ማኅበሩ ያወጣውን የበሽታውን ምልክት ዝርዝር በሬዲዮ የሚያነቡት ራሳቸው ነበሩ። የሚያነቡት የራሳቸውን እግር እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ዘጠኝ ወር ደበቁት።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ብሽሽታቸው አብጦ መራመድ አቃታቸው። ሲስተር ኪዲ እግራቸውን አይታ «ጋሽ ክንዱ፣ ይህን እኮ ለስንት ሰው ነግረናል!» አለች። አዲስ አበባ ሄደው እግራቸው ተቆረጠ፤ በሽታው ግን ቀድሞ ወደ ሳንባቸው አልፎ ነበር።

ባለፈው ወር ይህን የጻፍሁትን እኔን፣ የአክስታቸውን ልጅ፣ አስጠርተው፣ በሕመም በቀጠነ ድምፃቸው «‹ባደረባቸው ሕመም› ብለህ እንዳታልፈኝ። ስሙን ጥራው። እንደ ደበቅሁትም ጻፍ፤ ሰው እኔን ሰምቶ እግሩን አየ፣ እኔ ግን ፈራሁ» አሉ። ለንስሐ አባታቸውም ይህንኑ ነግረዋል።

ትናንት በድንኳኑ ውስጥ ይህ ጽሑፍ ሲታይ ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አዘኑ። «በቀብር ላይ የካንሰር ስም ይነበባል እንዴ? ልጅቱ ታጭታለች። ‹በዘራቸው አለ› ቢሉንስ?» አሉ። እውነትም ለልጅቱ አስበው ነው። ወንጌላዊት ግን «አክስቴ፣ የሚተወኝ ካለ ዛሬውኑ ይተወኝ። አባዬ እንዳለው ይነበብ» አለች። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል «እንግዲያው እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ» አሉ።

ስለዚህ አቶ ክንዱ መርስዔ ኀዘን በግራ ውስጥ እግራቸው በጀመረ ሜላኖማ በተባለ የቆዳ ካንሰር፣ በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው አርፈዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በጊዜ ቢታይ ኖሮ የመዳን ተስፋ ነበራቸው፤ ይህንንም ጻፍ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እሌኒ፣ ልጃቸው ወንጌላዊት፣ እኅታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልና ድምፃቸውን የለመደ ብዙ ሰው ከኋላቸው ቀርተዋል።

የሰውን ፍርሃት የሚያውቅ አምላክ የአቶ ክንዱን ኑዛዜ ተቀብሎ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። ለእኛም የደበቅነውን ቀን ሳለ የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።