በአራት ዓመት አንዴ የሚወለደው አጎቴ

ለተከበሩ የፊልም ቅርስና የልዩ ልዩ በዓላት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለወገብዎ ጽናት፣ ከሁሉም በላይ ለዓይንዎ ብርሃን እመኝልዎታለሁ። እኔ ጽሕፈት ቤትዎ በየዓመቱ የሚያሳትመውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ፊደል የማርም ሠራተኛ ነኝ፤ እርስዎ አያውቁኝም እንጂ እኔ ዓመትዎን ከጥግ እስከ ጥግ አውቀዋለሁ።

ቀን መቁጠሪያውን ሳላመሰግን ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ነው። ሌላው ሕዝብ ሰኞ ማክሰኞ እያለ ሲኖር፣ እኛ በእርስዎ አመራር ከተራ ቀን ተገላግለናል። ሁለት መቶ ሰማንያ አንዱ ቀን ለፊልም ዳይሬክተሮች ልደት ተሰጥቷል፤ ከባለልደቶቹ አብዛኞቹ በሕይወት የሌሉ፣ ሻማውን ሊያጠፉ የማይመጡ የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ አንዱማ ከስሙ ሥር እንደተጻፈው አንድ ፊልም ጀምሮ ሳይጨርስ ያረፈ ነው። የቀሩት ሰማንያ አራት ቀናት ለአዝራር ቀን፣ ለግራኞች ቀን፣ ለጠፋ ካልሲ ቀንና ለመሰሎቻቸው ተደልድለዋል። የጠፋ ካልሲ ቀን ዕለት እርስዎ በአንድ እግርዎ ካልሲ ብቻ ንግግር ሲያደርጉ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ፤ አላፍርበትም።

ጉዳዬ የአጎቴ ነው። አጎቴ በጎልማሳነቱ፣ እርስዎ ዛሬ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ካሜራማን ሳለ፣ አንድ ፊልም ሠርቷል፤ አንድ ብቻ። ርዝመቱ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ድምፅ የለውም፤ የመሥሪያ ቤቱ ድምፅ መቅረጫ በዚያ ሳምንት ለስብሰባ ተወስዶ ነበርና። የሚያሳየውም ሚስቱን ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በሥራ ክፍሏ ስትለካ፣ ስትቀድ፣ ስትሰፋ ትውላለች። ፊቷን እንዳቀረቀረች ቆይታ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ቀና ብላ ካሜራውን ታያለች። ያን ዕለት ጠዋት ተጣልተው ነበር። ቀና ስትል ስቃ ይሁን አኩርፋ፣ አጎቴ ረስቶታል። እሷ ካረፈች ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ፎቶ መነሣት ስለማትወድ የቀራት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ማኅተሙ አገጯን ትቶ ሌላውን በልቶታል። አጎቴ አንድ ቀን «ስቃለች» ይላል፤ በማግስቱ «የለም፣ እንደ ተቀየመች ነው የሄደችው» ብሎ ምሳውን ይተዋል።

የፊልሙ አንድያ ቅጂ ያለው በእርስዎ መጋዘን ውስጥ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የዓይን ሐኪም አጎቴን መርምራ፣ «አባባ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ይዩት» አለችው። አጎቴም ማየት የሚፈልገውን ነገራት። እኔም በዚያው ሳምንት እርስዎ ዘንድ ቀረብኩ። ከዚያ በኋላ የገጠሙኝን መልካም መስተንግዶዎች በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

1ኛ. በመመሪያዎ መሠረት ማንኛውም ፊልም ከመጋዘን የሚወጣው በሠሪው የልደት ቀን ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተነገረን። ችግሩ አጎቴ እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቹ የተወለደበትን ቀን አያውቅም፤ የሚያውቀው መወለዱን ብቻ ነው። የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋም፣ በተወለደ ዕለት በቦታው የነበሩ ሦስት ምስክሮች መታወቂያቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ጠየቁ። አጎቴ ያኔ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። «እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ፤ አንዱን ምስክር እኔን ቁጠሪኝ» አላቸው። ኃላፊዋ ሳይስቁ፣ ባለጉዳይ ለራሱ መመስከር እንደማይችል ጽፈው ፈረሙበት። ስላልሳቁም አመሰግናለሁ፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

2ኛ. ምስክሮቹን ከመቃብር ማስነሣት ስላልቻልን፣ እርስዎ በልዩ አስተያየት ቀን እንዲሰጠን ፈቀዱልን። ውለታዎን አልረሳም። ሆኖም ሦስት መቶ ስልሳ አምስቱም ቀን ተይዞ ስለነበር ለአጎቴ የተረፈችው በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትለው ትርፍ ቀን ሆነች። ያች ቀን ደግሞ ካለፈች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ሐኪሟ የሰጠችን ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ፣ እርስዎ የሰጡን ቀጠሮ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር። የአዝራር ቀን ግማሽ ሰዓት ቢያበድረን ብለን ብንጠይቅ፣ አዝራር የራሱ ኮሚቴ እንዳለው ተገለጸልን።

3ኛ. አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለአሥራ አንዱም «ዕለቱ ሲደርስ ይስተናገዳሉ» የሚል መልስ በወቅቱ ደርሶኛል። ከመልሶቹ አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁም፤ እንደ ባለሙያ አድናቆቴን እገልጻለሁ። በዚህ መካከል ከአጎቴ ዓይን በስምንተኛው ወር የግድግዳው ሰዓት ጠፋ፤ በአሥራ አራተኛው የደረጃው ጠርዝ ጠፋ፤ በሃያኛው እኔ ጠፋሁ። ሠራተኛው «ቁልፌ» እያለ የሚጠራውን የመጋዘን ጠባቂ እግሩ ላይ ወድቄ ብለምነው፣ «እህቴ፣ አቧራውን በየቀኑ እጠርግልሻለሁ፤ ላውጣው ካልኩ ግን ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?» አለኝ። ሰውየው ርኅሩኅ ነው። አንድ ቀን አጎቴን አስገብቶ የፊልሙን ቆርቆሮ አሳቀፈው። አጎቴም ዐሥር ደቂቃ ያህል ታቅፎት ቆየና፣ «ትንሽ ከብዳለች» ብሎ መለሰለት። ይህ ከመመሪያ ውጭ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ጠባቂውን ሊቀጡ ቢያስቡ ቆርቆሮው እንዳልተከፈተ እመሰክራለሁ፤ በቦታው ነበርኩ።

4ኛ. ዕለቱ ደረሰ። እንደ ቃልዎ ተስተናገድን። አዳራሹ ሞልቶ፣ ወረቀት አበባ ተንጠልጥሎ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ቀርቦ፣ አጎቴ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ከዚያም ድምፅ የሌለው ፊልም፣ ዓይን ለሌለው ሰው፣ በታላቅ ክብር ታየለት። አጎቴ የሚሰማው የማሳያውን መሣሪያ መንተክተክ ብቻ ነበር። እጄን ይዞ «አሁን ምን እያደረገች ነው?» ይለኛል፤ «ክር እያስገባች» እለዋለሁ። «የትኛው ጣቷ ላይ ነው ቀለበቱ?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። ከኋላችን የተቀመጡት የፕሮቶኮል ሹምዎ ጎንበስ ብለው፣ «አባት፣ ዝም ብለው ይዩ እንጂ፤ ሰው ይረበሻል» አሉት። አጎቴም ዝም ብሎ አየ።

ቅሬታዬ ስለዚህ አይደለም። አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ሲቃረብ፣ ሴትየዋ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ትከሻዋን ስታነሣ፣ የአዳራሹ መብራት ቦግ አለ። ኬኩ እየቀለጠ ስለሆነና እርስዎም ወደ ሌላ ስብሰባ ስለሚጣደፉ፣ ቆረሳው እንዲቀደም ታዝዞ ነበር። መጋረጃው ነጣ። እኔም አላየሁም፤ ማንም አላየም። ጭብጨባው ሲያበቃ የሥራ ሰዓት አብቅቶ ነበር፤ ፊልሙ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ፤ ማግስቱ የአንድ ሟች ዳይሬክተር ልደት ነው።

በጭብጨባው መሐል አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ ቀና አለች?» አለኝ።

«አለች፣ ጋሼ።»

«ስቃ ነው?»

«ስቃ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ ያን ዕለት አንድ ከራሴ ጨመርኩ፤ ወይም አልጨመርኩም፤ አላውቅም። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ምሳውን አይተውም። ለጎረቤቱም፣ ለፀጉር አስተካካዩም፣ በር ለሚያንኳኳ ሁሉ «ስቃ ነበር እኮ፤ ልጄ አይታታለች» ይላል። ሰውም «እሰይ» ይለዋል። እኔ ደግሞ ጓዳ ገብቼ ዕቃ የማጥብ እመስላለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ኬክ አልፈልግም፤ አበባ አልፈልግም፤ ንግግርዎንም ለሌላ ይቆጥቡልኝ። የቀሩትን ሦስት ደቂቃዎች፣ ማንም ባልተወለደበት በአንዱ የሥራ ሰዓት፣ ለብቻዬ ያሳዩኝ። ስቃ ከሆነ ዕረፍት አገኛለሁ። አኩርፋ ከሆነም ለአጎቴ አልነግረውም፤ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የምሸከመው። የሚቀጥለው ልደቱ እስኪደርስ ጠብቂ የሚሉኝ ከሆነ ግን፣ አጎቴ አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቱ መሆኑን፣ በእርስዎ አቆጣጠር ደግሞ ገና አንድ ዓመቱን መድፈኑን አስታውስዎታለሁ። ሕፃን ነው፤ ጊዜ አለው።

ሥልጣንዎ እንደ በዓላትዎ የበዛ፣ ዕድሜዎ እንደ መልስዎ የማያልቅ ይሁን እያልኩ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሦስተኛው ቦታ ላይ እንደተለመደው በአክብሮት የምጠብቅዎ፣

የልብስ ሰፊዋ ባል የወንድም ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የተረፈውን ኬክ በካርቶን ስለላኩልን ቤተሰቡ ያመሰግናል። ከላዩ ላይ የታተመው ፎቶ የአጎቴ ሳይሆን አንድ የማናውቃቸው ባለ ሪዝ ሰውዬ ነው። አጎቴ «መልኬን አሳምረውታል?» ቢለኝ «አሳምረውታል» አልኩትና ግንባራቸውን ቆርሼ አጎረስኩት። የሰውየውን ቤተሰብ የሚያውቁ ከሆነ፣ ሳናውቅ የበላነው መሆኑን ገልጸው ይቅርታ ይጠይቁልን።