በስለት የተሰጠችው ቀይ መኪና

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድምዓለሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ አደጉ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛን እዚህ ውርጩ ሊጨርሰን ነው፤ ትንሽ ሙቀት ብትልክልን ምን ነበረበት? እኔ አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአባባን ጤና ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ገና "አባባ" ስል "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀትን መቼም ኔትወርክ አይቆርጠውም፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያቺ ቀይ መኪና ተሸጠች። አዎ፣ የኛይቱ! ጣልያኑ መንገድ ሠሪ በስድሳ ሰባት አገር ጥሎ ሲወጣ፣ መካኒኩ ለነበሩት ለአባባ ሊብሬውን በስማቸው አዙሮ የተወላቸው። ያቺ ከመሬት የተጣበቀችው፣ የፊት መብራቷ ሽፋሽፍት ያለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ "መኪና ናት ወይስ ሙሽራ?" እያለ የሚስቅባት። ደርግ እንዳይወርሳት አባባ ጭድ ከምረውባት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጭዱን ገለጥ አድርገው ሲወለውሏት ታስታውሳለህ።

ባለፈው ወር አንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ስሟ ላምቦርጊኒ ሚዩራ ነው፣ እንዲህ ያሉት በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው አለ። ያገኛት አምበር ገጠር፣ እንዳላማው የሚባል ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ምን ሆና መሰለህ? የዶሮ ቤት! ዶሮዋ ወንበሩ ላይ እንቁላል ታቅፋ ሲያይ፣ ፈረንጁ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ አሉ። እኔማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ፈረንጁ ግን የተሰረቀ ዕቃ አልገዛም፣ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደዞረች የያዟት ሁሉ በየተራ ይንገሩኝ አለ። ስለዚህ አባባንም ይዘን ሚካኤል ደጀ ሰላም ተሰበሰብን። መጀመሪያ እንዳላማው ተነሣና፣ በሰማንያ አራት፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የስለት ዕቃ ሲጫረት ገዛኋት አለ። ያኔ ከጥላውና ከምንጣፉ ጋር ለጨረታ ስትቀርብ ትዝ ይልሃል? የፊቱን ክዳን ከፍተው ሞተር ቢያጡ "ሞተሯን ሌባ ወስዶታል" ብለው ሁሉም ሸሹ። ሞተሯ ለካ ከወንበሩ ኋላ ነው! ያንን የሚያውቁት አባባ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አልመጡም። "ለዶሮ ትሆነኛለች" ብሎ ዋጋ የጠራው እንዳላማው ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ቄሰ ገበዝ አምደሚካኤል ተጠየቁ። ያመጣቻት እማዬ ናት ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር። እኔም አንተም የምናውቀው ያንን ነዋ! ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደህ በሰላም ብትመለስ ብላ ተሳለች፤ ስትመለስ በሬ አስጠምዳ፣ እልል እያለች አስጎተተቻት። አባባ የዚያን ቀን ከቤት አልወጡም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "ከእንግዲህ እዚህ ቤት መኪና የሚያነሣ እንዳልሰማ" አሉ። አንተም "ከእኔ መኪናቸው በልጣባቸዋለች" ብለህ አገር ለቀህ ሄድክ። ለእማዬ ልቅሶ እንኳ መጥተህ አጠገባቸው ሳትቀመጥ ተመለስክ።

ቄሰ ገበዝ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ስለቱ የእሳቸው ነው" ብለው ወደ አባባ ጠቆሙ። ወሬህ የጠፋ ጊዜ፣ አባባ ብቻቸውን መጥተው መቅደሱ ደጃፍ ተንበርክከው ተሳሉ። ለእማዬ የነገሯት አንተ ስትመለስ ነው፤ ስለቱ የእኔ ነው እንድትል አደራ ብለዋት እሷም እስክትሞት ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ወንድምዓለም፣ ፈረንጁ አዘነላቸው መሰለኝ፣ እንዲህ ያለችን መኪና እንዴት በከንቱ ይሰጧታል ብሎ አስጠየቃቸው። አባባ ተቆጡ። "ምን በከንቱ? ልጄን አምጥቶልኝ የለም እንዴ!" አሉ።

ቤት ስንገባ አላስቀምጥ አልኳቸው። ታዲያ ለምን ፊትዎን አዞሩ፣ ለምንስ አልነገሩትም ብዬ ጮህኩባቸው። "ስትሄድ ካየኋት ይቆጨኛል ብዬ ፈራሁ" አሉኝ። በሰጠሁት ስለት ከተቆጨሁ ሚካኤል ልጄን መልሶ ይወስድብኛል ብለው እኮ ነው! ስሟ እንዳይነሣ የከለከሉትም ለዚያ ነው። ለአንተ ያልነገሩህ ደግሞ "ዕድሜ ልኩን በፊቴ አንገቱን ደፍቶ እንዲኖር ነው?" ብለው ነው። አንተን ላለማጣት ሲሉ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት አጡህ። አልቅሼ አልወጣልኝም።

አሁን እህል እምቢ ካላቸው ሰነበተ። ሆስፒታል ወስጃቸው ነበር፤ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ አነጋግሮ ቤታቸው ይሁኑ አለኝ። ከትናንት ወዲያ ቄሰ ገበዝን ይዘው፣ ከእማዬ አጠገብ ያለውን ቦታ አይተው መጡ። ከሰዓት በኋላ ደጅ ወንበር አስወጥተው ከእናንተ አገር በቡሬ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይገባል ይሉኛል። ሲመሽ ነው እላለሁ፤ ሌላ ምን ልበል? ስምህን አይጠሩም። አውቶቡሱን ብቻ ነው የሚጠይቁት።

መልስ እንዳትጽፍልኝ። መጻፊያውን ጊዜ ለመንገዱ አድርገው።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፤ ያሳጥርልህም።

ዓይኗ መንገድ መንገድ የሚያየው
እህትህ