የሦስት ቁጥር እንግዶችና የእኔ ምላስ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ሌሊቱን ሲነፍስ አድሮ ጠዋት ዳርቻውን የባሕር አረም ሞልቶት አገኘሁ። ሦስት ጋሪ አወጣሁ። ወገቤ... ስልሳ አንድ ዓመት ለጋሪ አይሆንም።

ከስምንቱ ክፍል አራቱ ብቻ ናቸው የተያዙት። የሁለት ቁጥር ሙሽሮች እስከ ምሳ ሰዓት ተኙ። ሙሽራው ሲነሣ አሥራ አንድ የሙዝ ጥብስ በላ።

«እማማ ኤርሲልያ፣ ቆጠርሽብኝ እንዴ?»

«ለሚስትህ ብዬ ነው ልጄ። ነገ ጀልባው አልሸከምም ቢልህ ምክንያቱን እንድታውቀው።»

ሁለቱም ሣቁ። ያሚሌ ግን አልሣቀችም። ጠርታ አስቀመጠችኝ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ አባቷ ይህን ሆቴል ትቶላት ሲሞት አብሬያት ያለቀስኩ... ዛሬ ጣቷን ቀስራ፣ «ኤርሲልያ፣ በእንግዳ ጉዳይ እጅሽን አታስገቢ። የገናው ይበቃኛል። አንድ ቅሬታ ከመጣ ከእንግዳ ፊት ትነሺና ልብስ ማጠቢያ ቤት ትገቢያለሽ» አለችኝ።

የገናው ምንድን ነው? አንዷን ልጅ «ይኼ እጮኛሽ ዓይኑ ይዞራል» አልኳት። ይዞር ነበር እኮ! ሻንጣዋን ይዛ ውልቅ አለች፣ እሱም ተከትሏት ሮጠ።

ልብስ ማጠቢያ ቤት... ከሳሙና ጋር ምን ይወራል?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ከተራራው አገር፣ ከቦያካ፣ ሽማግሌና አሮጊት ባልና ሚስት መጡ። ዶን ኤልዮዶሮና ዶኛ ኩስቶዲያ። ከተጋቡ ሃምሳ ዓመት ስለሞላቸው ልጆቻቸው የሰጧቸው ስጦታ ነው፣ አሥር ቀን። ባሕር አይተው አያውቁም። እሱ በዚህ ሙቀት የሱፍ ካባ ደርቦ፣ ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ። እሷ አንድ ከረጢት ድንች አንጠልጥላ። «እዚህ አገር ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?» አለችኝ።

እንደ ተራራ ሰው ሁሉ ማንንም አንቱ ነው የሚሉት። ውሻችንን ሳይቀር። «እባክዎ ከመንገዱ ዞር ይበሉልኝ» አለው ዶን ኤልዮዶሮ። ውሻው እንዲህ ተከብሮ ስለማያውቅ ግራ ገብቶት ተነሣ። (እኔም ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን «እሱ»ና «እሷ» ነው የምላቸው። ማን ያየኛል?)

ሦስት ቁጥርን ከፈትኩላቸው። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በመስኮቱ በኩል እሳቸው ይተኙ፣ ይንገሩልኝ» አለ። አጠገቡ ቆማ እኮ ነው! ጆሮዋ የማይሰማ መስሎኝ ጮህኩባት።

«አልደነቆርኩም» አለች። «ብርድ እንደማልፈራ ይንገሩልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ማርሌኒ ደወለች። «ሳልነግርዎ እማማ... አይነጋገሩም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«በምን ተጣልተው?»

«ማን ያውቃል! አባዬ ‹እሳቸው ያውቃሉ› ይላል፣ እማዬም ‹እሳቸው ያውቃሉ› ትላለች። ቤት ውስጥ መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ።»

«አሁን ተራው የእኔ ነው በይኛ።»

«አሥር ቀን ብቻ ነው» አለችና ቶሎ ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ከቁርስ እስከ እራት ተመላለስኩ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው! «ጨዉን እንዲያቀብሉኝ ይንገሩልኝ።» እኔው አንሥቼ ሰጠሁት፣ ይቀላል።

ባሕሩን ግን ወደዱት፣ በየፊናቸው። እሱ ዳርቻው ላይ ብዙ ቆየና፣ «ይኼ ሁሉ ውኃ የማን ነው?» አለኝ።

«የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?»

እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አኮማተረች። «ያበሰለችው ሴት ጨው ላይ እጇ ከባድ ነው።»

ሣቄ አመለጠኝ። እሱም ሰምቷል። ፊቱን ወደዚያ አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቱ ስታሥቀው ተደብቆ ይሥቃል! እንዲህ ያለ ሰው ዘጠኝ ዓመት እንዴት ዝም ይላል?

ኤርሲልያ፣ እጅሽን አታስገቢ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

አስገባሁ።

ፀሐይ እንዳይበላት ብዬ ቀይ ጥብጣብ ያለውን የሰሌን ባርኔጣዬን አዋስኳት። እሱ አያትና፣ «የወፍ ማስፈራሪያ መስለዋል፣ ይንገሩልኝ» አለ። ከእሱ ወንበር እስከ እሷ ወንበር ስድስት እርምጃ ነው። በስድስት እርምጃ ውስጥ ምላሴ ተጣጠፈ።

«ያምርብዎታል ይላሉ።»

«ማን?»

«ባለቤትዎ።»

«እሳቸው?»

ባርኔጣውን ቀኑን ሙሉ አላወለቀችም። ምሳ ስትበላ እንኳ።

ማታ ላይ ደግሞ እሷ፣ «ሲያንኮራፉ ጣሪያው ሊነሣ ነው፣ ይንገሩልኝ» አለች። እኔ ምን አልኩት? «እንቅልፍ ስለወሰደዎ ደስ ብሏቸዋል።» እሱ፣ «እንዲያ አሉ?» «እንዲያ አሉ።»

ኃጢአት ነው? ባሌ ኤቫሪስቶ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ዛሬ ቤቴ ገብቶ «ሾርባው ጨው ጎድሎታል» ቢለኝ እቅፍ አድርጌ ነው የምስመው። እነዚህ ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ... ያናድዳል።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

አምስት ዋሸሁ። አምስቱም ሠሩ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ኮኮናት ፈልጬ ወሰድኩላት። «እሳቸው ናቸው የላኩት» አልኩ። ለእሱ ደግሞ ድንች ቀቅዬ፣ «እሳቸው ናቸው ያስቀቀሉልዎ» አልኩ። ወንበሮቹን ሳጸዳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አቀራርባቸዋለሁ። ዛሬ በመካከላቸው አንድ ክንድ ቀረ። እሱ ካባውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። እግሩ እንዴት ነጭ ነው! ዓሣዎቹ ሳይደነግጡ አልቀሩም።

ያሚሌ በመስኮት ታያለች። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«ወንበር እየጠረግኩ።»

«ኤርሲልያ...»

«አሸዋ አለበት!»

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

አበላሸሁት።

ነገሩ እየሠራ ነው ብዬ አንድ እርምጃ ልጨምር አልኩ። ሳልጠየቅ፣ ማንም ሳይልከኝ ሄጄ፣ «ባለቤትዎ ይቅርታ ይጠይቁዎታል» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። «በራሳቸው አፍ?»

«በራሳቸው አፍ።»

እንባዋ ወረደ። ከዚያ ተነሥታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠበቀች። እሱ ራሱ እንዲነግራት ነው የጠበቀችው፣ ገባኝ... እሱ ምን ያውቃል? ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዛሬ ዓሣው ጥብስ ነው ወይስ ሾርባ?» አለ።

ቀስ ብላ ተነሣች። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ትታው ወደ ክፍሏ ገባች። እራት አልበላችም።

እኔ ወጥ ቤት ተደብቄ ካሳቫ እልጣለሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ድስት ሙሉ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ጠዋት፣ የአልጋ ልብስ ታቅፌ ያሚሌ ቢሮ ልገባ ስል፣ እሱ በባሕሩ በኩል፣ እሷ በግቢው በኩል፣ እኩል ደረሱ።

«ቅሬታ አለኝ» አለች እሷ።

«እኔም አለኝ» አለ እሱ። «ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እኚህ ሴት የሆነ ነገር ነግረዋቸዋል።»

ያሚሌ አየችኝ። በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ይቅርታ ጠይቀውዎታል አሉኝ» አለች ዶኛ ኩስቶዲያ ለያሚሌ።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አለ እሱም ለያሚሌ። «ስለ ባርኔጣው ብቻ ነው የተናገርኩት።»

«ያምርብዎታል ማለታቸውንማ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ያልኩት የወፍ ማስፈራሪያ ነው!»

ዞረች። ወደ እሱ። በቀጥታ። «ምን አሉ?»

«የወፍ... ማስፈራሪያ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ደፍቼው ስዞር?»

«በኋላማ... ለመድኩት።»

ያሚሌ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። እነሱ ግን ምን እንደተፈጠረ እንኳ ልብ አላሉም።

«ይቅርታስ አልጠየቅኩም ነው የሚሉት?» አለች። «ለላሚቱ እንኳ?»

«የምን ላም?»

«የምን ላም! በጡጦ ያሳደግኳት ላም! ሳይጠይቁኝ ገበያ ነድተው የሸጧት!»

ተቀመጠ። «እኔ... ለእህትዎ ቀብር ስላልመጣሁ መስሎኝ። በዚያ ነው የተቀየሙኝ ብዬ... ዓይንዎን ማየት እያፈርኩ።»

«እግርዎ ተሰብሮ ነበር እኮ! በቃሬዛ ይምጡ ነበር?»

«በቃሬዛም ቢሆን መምጣት ነበረብኝ።»

ያኔ ነው እኔ ያለቀስኩት፣ በአንሶላው ተሸፍኜ። ብዙም አልቆየ። እሱ ቀና ብሎ፣ «ግን... ዘጠኝ ዓመት? ለአንድ ላም?»

«አልጠየቁኝማ!»

ያሚሌ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። እስከ ምሳ ሲጯጯሁ ይሰማ ነበር። ቢሯችንን ነጠቁን።

«ቅሬታ መጥቷል» አለች ያሚሌ።

«መጥቷል።»

«አንድም አይደለም፣ ሁለት።»

«ሁለት።»

አልተከራከርኩም። በባርኔጣ ብዋሽ፣ በኮኮናት ብዋሽ... ይቅርታ ግን የባለቤቱ ነው። የሰውን ይቅርታ ሰርቄ ሰጠኋት፣ ደስ ብሏት ስትመጣ ባዶ አገኘችው። ትናንት ወንበሩ ላይ የጠበቀችው አጠባበቅ ከዓይኔ አልጠፋም። ነገሩ በደህና ቢያልቅም ያ አይሰረይም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ሁለተኛ ቀን በልብስ ማጠቢያ ቤት። ከእንግዳ ጋር ማውራት ክልክል። ሳሙናው እንዳሰብኩት ነው፣ ጨዋታ አያውቅም።

ግን ግድግዳው ስስ ነው። የሦስት ቁጥር መስኮት ከበላዬ። የዘጠኝ ዓመቱን ሁሉ በተራ እየተጣሉበት ነው! ጣሪያውን ማን አሳደሰው፣ የልጅ ልጁን ስም ማን መረጠው፣ ጎረቤት ለምን ዶሮ ተሰጠው... «እርስዎ ግትር ነዎት!» «ከእርስዎ ተምሬ ነው!» ክብር ባለው አንቱታ እንዲህ ሲሰዳደቡ ሰምቼ አላውቅም።

ሙሽሮቹ ክፍል ይቀየርልን ብለው ጠየቁ። ሙሽራው በልብስ ማጠቢያው መስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «እማማ፣ እኛም እንዲህ ልንሆን ነው?» አለኝ። ማውራት ክልክል ነውና በእጄ መለስኩለት፦ ዕድለኛ ከሆናችሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ሄዱ። ከመሄዷ በፊት ዶኛ ኩስቶዲያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ድረስ መጣች። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተነሣሁ። ያሚሌ የፈለገችውን ትበል አልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት። «ያላሉትን አሉ ብዬ አስለቀስኩዎት።»

«ክፉ ነገር ነው የሠሩት።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን እሳቸው ዓሣ ሲጠይቁ... ባሕሩ ውስጥ ልግባና ልቅር ብዬ ነበር።»

እርጥብ አንሶላ እየጨመቅኩ ቆምኩ። እሷም በአንዱ ጫፍ ያዘችልኝ፣ አብረን ጨመቅነው። ትልቅ ጉልበት አላት፣ የተራራ ጉልበት።

«ዛሬ ጠዋት ይቅርታ አሉኝ» አለች። «ራሳቸው። ውኃው ጉልበታችን ደርሶ ቆመን ሳለ። መጀመሪያ ለላሚቱ፣ ቀጥሎ ለቀብሩ፣ ቀጥሎ ለዘጠኙ ዓመት። እኔም አልኳቸው። ከዚያ ማዕበል መጣና ሁለታችንንም ጣለን።»

«ተጎዱ?»

«ጨው ጠጣን።» ሣቀች። የፊት ጥርሷ አንዱ የለም፣ ዛሬ ገና አየሁት። አሥር ቀን ሙሉ ጥርሷን አላየሁም ማለት ነው።

መኪናው ሲነሣ አጎንብሼ በሽቦው አጥር አየኋቸው። ሹፌሩ ራዲዮውን ከፈተ። ወዲያው ሁለቱም እየተሻሙ አዘጉት፣ ገና ያልጨረሱት ነገር አለ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ያሚሌ ቤት ሄድኩ። በእረፍት ቀኗ። በር ላይ ሳለሁ ሳልቀመጥ፣ «በማያገባኝ ገብቼ አሳፈርኩሽ፣ ይቅርታ» አልኳት።

መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «ትኩሳት አለሽ?»

«የለኝም!»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቅሻለሁ፣ ይህን ቃል ካንቺ አፍ ሰምቼ አላውቅም» አለችና አቀፈችኝ። የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ አበላችኝ። ሩዙ ላይ ኮኮናቱ አንሶት ነበር። አልነገርኳት... እሺ፣ ነገርኳት።

ከነገ ጀምሮ ወደ እንግዳ ፊት እመለሳለሁ። ቃል አስገብታኛለች፤ የተባለውን ብቻ፣ እንደተባለው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ማርሌኒ ደወለች። «እማማ ኤርሲልያ፣ ምን አደረጓቸው? ቤቱን መቀመጫ አሳጡን! እሷ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር እሱ ይጨርስላታል፣ ‹እንዲያ አልልም ነበር!› ትለዋለች፣ ሌላ ትጀምራለች። እኔን እኮ የሚያናግረኝ ጠፋ። ትናንት ደግሞ ጥጃ ሊገዙ ገበያ ወጥተው በቀለሙ ሳይስማሙ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።»

ከኋላዋ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ስልኩን ነጠቋት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ!

«ኤርሲልያ፣ እሳቸውን እንዳያምኗቸው፣ ቀይዋ ጥጃ ነበረች የምትሻለው...»

«ቀይዋ አንካሳ ነበረች፣ ኤርሲልያ...»

«አንካሳ አይደለችም፣ ድንጋይ ረግጣ ነው!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ ነኝ የማወራው።»

«ዘጠኝ ዓመት ዝም ብያለሁ፣ ይበቃኛል!»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማዶ ሁለት ልጆች አሸዋ ይቆፍራሉ፣ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ስለ ጥጃው ሐሳብ ነበረኝ፣ ብዙ ሐሳብ። ዋጥኩት። በመጨረሻ «ደህና ሁኑ» ብዬ ስዘጋ ሰዓቱን አየሁ... ግማሽ ሰዓት አልፏል። እኔ ከ«አቤት»፣ ከ«እህ» እና ከዚያች ስንብት በቀር ምንም አልተናገርኩም።

ያሚሌ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ማን ነው እንዲህ ዝም ያሰኘሽ?» አለችኝ።

«ባልና ሚስት» አልኳት።