የሬይሆ ምክትል አዛዥ ኢኑዙካ ሞሪታካ ሞትና ያልታረመው ቀን

ለማኅበራችን አባላት፣ ለጓዶቻችን ቤተሰቦችና ለኩሬ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤

የአውሮፕላን ተሸካሚዋ መርከብ የሬይሆ የታችኛው ሐንጋር ሠራተኞች ማኅበር፣ የመርከቧ ምክትል አዛዥ የነበሩት ጡረተኛው ሪር አድሚራል ኢኑዙካ ሞሪታካ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1971 በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ እንደተኙ፣ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ያስታውቃል። ማኅበሩ የተሰማውን ሐዘን በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 9 መሠረት ይገልጻል።

አንቀጽ 9 በሬይሆ ላይ ያገለገለ ማንኛውም ሰው ሲሞት መግለጫ እንዲወጣ ያዛል። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ አይጠይቅም። ደንቡን በ1951 ስናረቅ ሁላችንም መካኒኮችና ቦምብ ጫኞች ስለነበርን እርስ በርሳችን ብቻ የምንለቃቀስ መስሎን ነበር፤ አድሚራልም እንደሚሞት አልታሰበንም። ባለፈው ሳምንት አንቀጹ ይሻር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሊቀ መንበራችን ሱኩይ ካንጂ ግን "ደንብ ደንብ ነው። አልቅሱለት መች አልኩ? ጻፉለት ነው ያልኩት" ስላሉ ይኸው ተጽፏል። የሟቹ አገልግሎት በአጭሩ የሚከተለው ነው።

ከ1915 እስከ 1941 ድረስ ሟቹ ያገለገሉት በባለ ትላልቅ መድፍ መርከቦች ላይ ነው። ለእርሳቸው መርከብ ማለት መድፉ የወፈረ ነገር ነበር። አውሮፕላን ተሸካሚዎችን "የዶሮ ቤት" ይሏቸው እንደነበር አብረዋቸው የተማሩ መኮንኖች ነግረውናል። በ1941 የሬይሆ ምክትል አዛዥ ሆነው ሲሾሙ ሹመቱን እንደ ቅጣት ቆጠሩት። ቅጣቱ ግን የእኛ ነበር።

ይህን ዓይነት መርከብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ተሸካሚ መርከብ ጠላቱን በዓይኑ ሳያይ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይመታል። ክንዱ አውሮፕላኖቹ ናቸው። እነርሱ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ሆዱ በቤንዚን፣ በቦምብና በቶርፒዶ የተሞላ፣ ጣሪያው እንጨት የሆነ መጋዘን ነው። በእንዲህ ያለ ውጊያ ቀድሞ ያየ ያሸንፋል፤ የታየ ደግሞ ቢያንስ ሊቀጣጠል የሚችለውን ነገር ከሆዱ አውጥቶ ይጠብቃል። እኛ ስድስተኛ ክፍል ያልዘለቅነው ይህን እናውቅ ነበር። ለማወቅ አካዳሚ መግባት አያስፈልገውም፤ አውሮፕላኖቹ በሚቀመጡበት ሐንጋር ውስጥ አንድ ቀን ቤንዚን ማሽተት ይበቃል።

በ1942 መጀመሪያ ሟቹ በመርከቧ ላይ ያበረከቱት ታላቅ አስተዋጽኦ የነጭ ጓንት ፍተሻ ነው። ሰኞ ሰኞ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ ሐንጋሩ ይወርዱና የአውሮፕላን ሞተሮችን ይዳብሳሉ። ጓንታቸው ከጠቆረ ቡድኑ በሙሉ ይቀጣል። ሞተር ዘይት አያጣም፤ ስለዚህ አንድም ሰኞ ሳንቀጣ አልዋልንም።

ኦገስት 17 ቀን 1942፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቃኚ አውሮፕላናችን የጠላትን ተሸካሚዎች አገኘ። የእነርሱም ቃኚ እኛን አግኝቶን ነበር። አውሮፕላኖቻችን ለጥቃት ከተነሡ በኋላ የሐንጋሩ ቧንቧዎች በሙሉ ቤንዚን እንደሞሉ ቀሩ። ሁለተኛ ደረጃ መካኒክ ሂራባያሺ ጌንኪቺ በመነጋገሪያ ቱቦው ወደ ላይ ተጣራ። ከላይ የመለሱት ሟቹ ናቸው። አጠገቡ የቆመው የዚህ መግለጫ ጸሐፊ ናሩሚ ዮሄይ የሰማውን እንደሰማው ያሰፍራል።

"ጌታዬ፣ ቧንቧዎቹን ባዶ እናድርጋቸው? አርባ ደቂቃ ይበቃናል!"

"አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ በምን ልትሞላቸው ነው? በምራቅህ?"

"እነሱ ሳይመለሱ ጠላት ቢመጣብንስ ጌታዬ?"

"ገና ምንም ሳታይ ሱሪህ ረጠበ እንዴ? ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ!"

ጌንኪቺ ቱቦውን ከድኖ ወደ ናሩሚ ዞረና "በምራቄ አለኝ እኮ፤ አፌ ደርቆ ምራቁስ ከየት ይመጣል?" አለ። ሳቅን። ሲቀልድ የሰማነው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ጠላት የመጣው ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። ቁልቁል ተወርዋሪ ቦምብ ጣዮች ከደመና ወጥተው በሁለት ቦምብ መቱን። ሁለት ቦምብ ያን የሚያህል መርከብ አይገድልም። የገደለን ቧንቧው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ነው፤ እሳቱ ቧንቧውን እየተከተለ ሐንጋሩን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ከሁለት መቶ አርባ ሰው ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ሞቶ ሃያ ዘጠኛችን ወጣን። ጌንኪቺ የጋለውን የእሳት መከላከያ የብረት መጋረጃ እንዳይወርድ በእጆቹ ደግፎ እኛን ሲያሳልፍ እዚያው ቀረ። ሟቹ አድሚራል በበኩላቸው ወደ አጃቢው መርከብ ከተሻገሩት ሰዎች አራተኛው ናቸው። ጓንታቸው ያኔም ነጭ ነበር።

ከኦገስት እስከ ዲሴምበር 1942 ሟቹ የሬይሆን ሙታንና የተረፉትን ጉዳይ የሚያስፈጽመውን ክፍል በኩሬ መርተዋል። የመርከቧ መስጠም እንዳይታወቅ ከበላይ ታዝዞ ነበር። ሬዲዮው አንዲት መርከብ መጠነኛ ጉዳት ደረሰባት አለ። የተረፍነውን ከወደቡ ማዶ ባለች ደሴት ላይ ዘግተው አስቀመጡን፤ ደብዳቤ መጻፍም ከለከሉን። ትእዛዙ የሟቹ እንዳልነበረ ማኅበሩ ሳይደብቅ ይናገራል። የሐሰቱን ቀን መርጦ መፈረም ግን የእርሳቸው ሥራ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ጓዶቻችን ዲሴምበር 9 ቀን በተለያዩ መርከቦች ላይ እንደሞቱ ተደርጎ ተጻፈ፤ ፊርማው የኢኑዙካ፣ ቀዩ ማኅተም የኢኑዙካ። ከሞቱ መቶ አሥራ አራት ቀን የሆናቸውን ሰዎች እንደ አዲስ ገደሏቸው።

በእነዚያው ወራት የሟቹ ክፍል ከቤተሰብ የሚመጡ ጥቅሎችን መቀበሉን አላቋረጠም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ለእያንዳንዷ ሚስት "ይደርሰዋል" ይል ነበር። ጥቅሎቹ ተፈትተው ለእኛ ታደሉ። ለናሩሚ የደረሰው በሱፍ የተሠራ የሆድ መጠቅለያ ነበር፤ ውስጡ በቀይ ክር "ጌንኪቺ" ተብሎ ተሰፍቶበታል። ብርድ ስለነበር ታጠቀው። ይህን ሲጽፍ እስከ ዛሬ ያፍራል።

የሰፉት የጌንኪቺ ባለቤት ወይዘሮ ሂራባያሺ ቶዮ ናቸው። ባል መንገድ የወጣባት ሚስት ሁሉ እንደምታደርገው፣ እርሳቸውም በየቀኑ ለመንገደኛው ገበታ ያቀርቡለት ነበር፤ ከራሽናቸው የተቀነሰች እፍኝ ሩዝ፣ ሾርባና በጨው የቆየ ፍጅል። ይህ ገበታ የሕያው ነው፤ በሰላም ግባ ማለት ነው። ለሙት የሚቀርበው ሩዝ ሌላ ነው፣ ጸሎቱም ሌላ ነው። ወይዘሮ ቶዮ መቶ አሥራ አራት ቀን ሙሉ የሕያው ገበታ ለሙት አቀረቡ። እውነቱን የነገርናቸው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 ነው። እርሳቸውም "እኔ ቶሎ ና እያልኩት፣ እሱ የሚበላው አጥቶ ኖሯል ማለት ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ዋና ሥራ ቀኑን ማሳረም ሆነ። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ የሙት ቀን ጸሎት የሚያደርገው በቤተሰብ መዝገብ ላይ በሰፈረው ቀን ነው። ልንለምነው ብንሄድ "ልቤ ያምናችኋል፤ መዝገቡ ግን አያምናችሁም" አለን። መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ ቀኑን በፊርማው ያጸደቀው መኮንን ስሕተቱን በማኅተሙ ካላመነ በቀር አንዲት ቁጥር እንደማይነካ አስታወቀን። መኮንኑ በሕይወት ነበሩ። እንዲያውም በ1953 ስለ ተሸካሚ መርከቦች ውጊያ በየአዳራሹ ንግግር ማድረግ ጀምረው ነበር፤ የንግግራቸውም ፍሬ ነገር ሬይሆ የጠፋችው በታችኛው ሐንጋር ሠራተኞች ቸልተኝነት ነው የሚል ነበር። ሞቅ ያለ ጭብጨባ እንደነበረ ሰምተናል።

በ1956 የእርማት ቅጹን ይዘን ቤታቸው ሄድን። የገብስ ሻይና የጣፈጠ ባቄላ ኬክ ቀረበልን፤ ኬኩ ጥሩ እንደነበረ ማኅበሩ አይክድም። ቅጹን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉትና "ባሕር ኃይሉ ዲሴምበር ካለ ዲሴምበር ነው" አሉ።

ሱኩይ አላስቻላቸውም። "የትኛው ባሕር ኃይል ጌታዬ? ከፈረሰ አሥራ አንድ ዓመቱ እኮ ነው!"

"ለአንተ ፈርሶ ይሆናል።"

"ለሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ነው የፈረሰው። እርስዎ ላይ ብቻ ነው ቆሞ የቀረው።"

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትተንላቸው ወጣን።

በ1969 ወይዘሮ ቶዮ ብቻቸውን ሄዱ። ሟቹ "ለሙት ሰው መቶ ቀን ምኑ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም "ለእሱስ እንጃ። እኔ ግን መቶ አሥራ አራት ቀን ተታልያለሁ፤ ያታለለኝም ሰው እንቢኝ ብሎ ፊቴ ተቀምጧል" ብለው መለሱ። ሟቹ ሠራተኛዋን ጠርተው "ጫማቸውን አቅርቢላቸው" ብለው አሰናበቷቸው። ሟቹ ለማኅበሩ የሰጡት የመጨረሻ አገልግሎት ይኸው ነው።

የአገልግሎት ዝርዝሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ በወደድን። ነገር ግን ከቀብሩ በኋላ በስድስተኛው ቀን የሟቹ ልጅ ወይዘሮ ሳኤ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። በ1956 ትተነው የወጣነውን ቅጽና በመሐረብ የተጠቀለለውን የአባታቸውን ማኅተም ይዘዋል። ቆመው እንደነበሩ ተናገሩ።

"አባዬ እንቢ ማለቱን አውቃለሁ። ማኅተሙ ግን እኔ እጅ ላይ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ፣ ባለፈው ማርች እንደመታው አድርገን ቀኑን እንጻፍና እኔ ልምታበት። ማን ያውቃል?"

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። ሱኩይ "ስንት ዓመት ደጅ ጠንተን ያጣነውን በአንዲት ጠብታ ቀይ ቀለም ልናገኘው ነው። ምቺበት በሏት!" አሉ። አንድ አባል ደግሞ "እሱ በውሸት ቀን ቀበራቸው፤ እኛም በውሸት ቀን እናውጣቸዋ!" ብሎ ሳቀ። ድምፅ ተሰጠ፤ አሥራ አራት ለሦስት። የዚህ መግለጫ ጸሐፊ ከአሥራ አራቱ አንዱ ነው። ሟቹን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስንንቃቸው የኖርን ሰዎች በሩብ ሰዓት ውስጥ እርሳቸውን ሆነን አረፍነው።

ወይዘሮ ቶዮ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም፤ የክብር አባል ናቸው።

"እናንተ ሰዎች" አሉ፣ "እኔ የለመንኳችሁ የጌንኪቺን ቀን ነው። የተሠራ ቀንማ አለኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሩዝ ያቀረብኩበት አለኝ። አሁን ደግሞ ሌላ የተሠራ ቀን ልትደርቡበት ነው?" ወደ ወይዘሮ ሳኤ ዞሩ። "ልጄ፣ ማኅተሙን ወደ ቦርሳሽ መልሺው። አባትሽ በሕይወቱ ያልመታውን አንቺ አትምቺለት። ያልሠራውን ደግ ሥራ ለምን በነጻ ይውሰድ?"

ወይዘሮ ሳኤ አለቀሱ። ወይዘሮ ቶዮ ተነሥተው ማኅተሙን ራሳቸው በመሐረቡ ጠቀለሉላቸው። ድምፁ እንደገና ተሰጠ፤ አሥራ ሰባት ለባዶ። ከእንግዲህ የሚፈርም ሰው የለም፤ በመዝገቡ ላይ ዲሴምበር 9 እንደተጻፈ ይኖራል።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ሳኤ ከልብ የመነጨ ሐዘኑን ይገልጻል። አባት አባት ነው፤ እርሳቸውም አባታቸው ያልደፈሩትን ደፍረው ደጃችንን ረግጠዋል። ስለ ሟቹ አድሚራል የሚለውን ብሏል።

እኛ ከዚህ በታች የየራሳችንን ማኅተም ያሳረፍን አሥራ ሰባት ሰዎች፣ ማንም መሥሪያ ቤት እንደማይቀበለው እያወቅን፣ በቀኑ ቦታ ላይ የዛሬውን እውነተኛ ቀን ጽፈን፣ በዓይናችን ያየነውን እናስታውቃለን። ሁለተኛ ደረጃ መካኒክ ሂራባያሺ ጌንኪቺ ከሁለት መቶ አሥር ጓዶቹ ጋር ኦገስት 17 ቀን 1942፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሬይሆ ታችኛው ሐንጋር ውስጥ ሞቷል። ለባለቤቱ ለወይዘሮ ቶዮ፣ ለሁሉም ጓዶቻችን ሚስቶችና ልጆች መጽናናትን እንመኛለን።

ወይዘሮ ቶዮ ከዚህ ዓመት ጀምሮ መዝገቡን አይጠብቁም። የሙት ሩዙ ኦገስት 17 ቀን ረፋድ ላይ በቤታቸው ይቀርባል። መነኩሴው ካልመጣ እኛ እንጸልያለን።

ሜይ 16 ቀን 1971፣ ኩሬ
የሬይሆ የታችኛው ሐንጋር ሠራተኞች ማኅበር